የሰሊጥ ዘይትና ውዱእ

መቼ እንደጀመረ በትክክል አላስታውስም። ዓመቱን ብትጠይቁኝ ይምታታብኛል። ማንጎ የምንለቅምበት ወቅት እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ እጄን መጀመሪያ ያቃጠለው ማንጎው ነውና። ፍሬውን ስትቀጥፉት ከአንገቱ የሚፈነጥቅ ፈሳሽ አለ፤ ቆዳ ላይ ካረፈ እንደ እሳት ይፈጃል። በወጣትነቴ ከወሎ ተነሥቼ አሶሳ ስሰፍር ማንጎ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። አሁን የምኖረው በጓሮዬ ዛፎች ነው።

ሌላ ጊዜ ፈሳሹ ሲነካኝ ጥቂት ቀን አሳክኮኝ ይተወኛል። ያን ጊዜ ግን አልተወኝም። የጣቶቼ መሃል ተሰነጠቀ፤ ማሳከኩም እንቅልፍ ነሣኝ። ገበያ ወርጄ ቅባት የሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባባ፣ ይቺን ቱቦ ይውሰዱ። በሳምንቱ እጅዎን ራስዎ አያውቁትም» አለኝ።

እውነቱን ነው። በኋላ እጄን አላወቅሁትም።

ቅባቱ ነጭ ነው፤ ሽታ የለውም፤ ስትቀቡት ወዲያው ገብቶ ይጠፋል። የወደድኩለትም ይህንኑ ነበር። እኛ ለስግደት ውዱእ ስናደርግ ውኃው ቆዳችንን መንካት አለበት። በልጅነቴ ያስተማሩኝ ሸኽ፣ ሊጥም ይሁን ሰም እጅ ላይ ተጋግሮ ውኃውን ከከለከለ ውዱእ የለም ይሉን ነበር። እኔ የተማርኩት ጥቂት ነው፤ የተማርኳትን ግን አጥብቄ እይዛለሁ። ስለዚህ ዘይትም ሆነ ቫዝሊን እጄ ላይ አላሳርፍም። የቱቦው ቅባት ግን አያብለጨልጭም፣ አያሟልጭም። ለእኔ የተሠራ መሰለኝ።

መጀመሪያ አሻለኝ። ስተወው ደግሞ ብሶበት ተመለሰ፤ እንደገና ቀባሁ። እንዲህ እያልን አብረን ከረምን። ከጣቴ ወደ ክንዴ ወጣ። ቆዳዬ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ የበቆሎ ቅጠል ሲነካኝ እንኳ ይደማል። በዚያ ላይ የምታጠበው በልብስ ሳሙና ነበር፤ ቆዳዬ ካልተወጠረ የጸዳሁ አይመስለኝም።

ያስጨነቀኝ ሕመሙ ብቻ አይደለም። ወሎ እያለሁ በመንደራችን የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ነበር። ምግቡን በተለየ ቅል ይሰጡታል፤ ከበር ውጪ ተቀምጦ ጀርባውን ሰጥቶን ይበላል። ጣቶቼ ሲሰነጣጠቁ ያ ጀርባ ነበር የሚታየኝ። እኔም ቅል ተለይቶ ይሰጠኝ ይሆን? ለማን ልናገረው?

አንድ ቀን ጎረቤት ሰደቃ ጠራን። ከአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን እጄን ስዘረጋ፣ አብሮኝ ከወሎ የመጣው ጎረቤቴ አየኝ። ሰውዬው ቀልድ ይወዳል።

«እንዴ! አንተ፣ እጅህ እኮ አርጃኖ መሰለች! ከየትኛው ጉድጓድ አወጣሃት?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግን ከጎኑ ያለው ሰው ትሪውን በጣቱ ጫፍ ወደራሱ ሳብ ሲያደርጋት አየሁ። «ሆዴን አሞኛል» ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ድግስ ቀረሁ። ሰላምታ እንኳ ከሩቅ ሆነ፤ እጄን ኩታዬ ውስጥ ደብቄ በአንገቴ ነው የምመልሰው።

ልጄ ቀድማ ነቃችብኝ። የአገሩን ተወላጅ፣ የበርታ ሰው አግብታ ትንሽ ራቅ ብላ ነው የምትኖረው። መጥታ ኩታዬን ገለጠችና እጄን አየች። ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ነርሷ ወጣት ናት። የምቀባውን ቱቦ ተቀብላ አየችው። ዓይኔን አስጨፍና ጣቶቼን በጥጥ ነካ ነካ ታደርጋለች፤ የነካችበትን እነግራታለሁ። ሁሉንም አገኘሁት።

«አባባ፣ የሚፈሩት በሽታ አይደለም፤ እሱ ቢሆን ጣትዎ ይደነዝዝ ነበር» አለችኝ። የምፈራውን ስም አልነገርኳትም ነበር። «ቆዳዎን ያሳሳው ይህ ቱቦ ነው። በአንዴ አይጣሉት፤ እኔ በምነግርዎ መንገድ እየቀነሱ ይተዉታል። መጀመሪያ ይብስብዎታል፤ እንዳይደነግጡ። የልብስ ሳሙናውንም ይተዉ። እጅዎን በታጠቡ ቁጥር ቆዳው ሳይደርቅ ሽቶ የሌለው ዘይት ወይም ቫዝሊን ይቀቡ።»

እሺ አልኩ። ሳሙናውን ተውኩ፤ ቱቦውንም መቀነስ ጀመርኩ። ዘይቱን ግን አልቀባሁም። ስለ ውዱኡ ለዚያች ልጅ ማስረዳት አፈርኩ።

እንዳለችውም ባሰብኝ። ወቅቱ ደረቅ ነው፤ ሣሩ የሚቃጠልበት፣ ነፋሱ አመድ ይዞ የሚዞርበት። እጄ ቀላ፣ አበጠ፣ ተላጠ። ረመዳን እየቀረበ ነበር። በረመዳን የመንደራችን ወንዶች የምናፈጥረው መስጊዱ ግቢ ነው፤ ከየቤቱ የመጣውን ከበን በአንድ ላይ እንበላለን። ዘንድሮ ቤቴ ለብቻዬ አፈጥራለሁ ብዬ ወሰንኩ። ብወስንም ልቤ አላረፈም። ያ የወሎው ሰውዬ እኮ በግድ አልነበረም ጀርባውን የሚሰጠን፤ ራሱ ነበር የሚዞረው።

ይህን ሳሰላስል የልጄ ባል አባት መጣ። እኩያዬ ነው፤ በርታ ነው፤ አማርኛን እንደፈለገ ይሰባብራታል። ሰላምታው ደግሞ ረጅም ነው፤ ትከሻ ነክቶ፣ እጅ ጨብጦ፣ ለቆ እንደገና ጨብጦ ነው።

«ዘመዴ! ሰላም ነው? ቤት ሰላም ነው? ማንጎ ሰላም ነው?» እጁን ዘረጋ። እኔ ኩታዬን ጠበቅ አደረግሁ።

«እጅ የት ሄደች? ሸጥካት?»

«ታማለች» አልኩት።

«ታማ ከሆነ ልጠይቃት መጣሁ። አውጣት።»

አወጣኋት። በሁለት እጁ ይዞ አገላብጦ አያት፤ ቶሎም አልለቀቀኝም። ልጄ ሁሉንም ነግራዋለች። «ዘይት ለምን አልቀባም?» አለኝ። ምክንያቱን ነገርኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ሕፃን ሆኖ የሲምሲም ዘይት ይቀባል፤ ሽማግሌ ሆኖ ይቀባል። ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አልሰገደም?»

ሲምሲም የሚለው ሰሊጡን ነው። ያስቀየምኩት መሰለኝ። እሱ ግን ብድግ አለና «ና፣ ሸኽ ቤት እንሂድ፤ አንተም እኔም እንወቅ» አለኝ።

የመስጊዳችን ሸኽ ሁለታችንንም ሰሙን። «ተጋግሮ ውኃ የሚከለክል ሌላ፣ ወዝ ሌላ ነው» አሉ። «ልባችሁ እንዲያርፍ ከፈለጋችሁ ከውዱእ በኋላ ተቀቡ። እስከሚቀጥለው ውዱእ ቆዳው ይጠጣዋል።»

በማግስቱ ዘመዴ፣ ሚስቱ ቤት ውስጥ ያወጣችውን የሰሊጥ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ኢብሪቁን፣ ማለቴ የውዱእ ውኃ የምንቀዳበትን የላስቲክ ጆግ፣ አንሥቶ አፈሰሰልኝ። እኔም አፈሰስኩለት። እጃችን ሳይደርቅ ከጠርሙሱ መዳፌ ላይ ጠብ አደረገልኝ፤ ከዚያ በራሱ መዳፍ ላይ። ሁለታችንም ተቀባን። የእሱ እጅ ምንም አልነበረባትም። እየመጣ አብሮኝ ሲቀባ ላየ ሰው ግን የሽማግሌዎች ወግ እንጂ የበሽተኛ ነገር አይመስልም።

ቶሎ ተሻለኝ ብዬ አልዋሽም። ነርሷ ቱቦውን ቀንሼ እንድተው የሰጠችኝ ጊዜ ካለቀም በኋላ አንድ ጠዋት ማሳከኩ አሸነፈኝና ያስቀረሁትን ቱቦ ከፍራሼ ሥር አወጣሁ። ክዳኑን ፈትቼ ይዤ ሳለሁ እሱ ገባ። አልተቆጣኝም። አጠገቤ ተቀመጠና «ዛሬን እለፋት» አለኝ። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ።

ረመዳን ሲገባ እጄ ገና እንደተላጠች ናት። የመጀመሪያው ቀን ሊመሽ ሲል መጥቶ በሬ ላይ ቆመ፤ በአንድ እጁ በፌስታል የተሸፈነ ሳህን ይዟል። «ተነሣ፤ ገንፎ ይቀዘቅዛል» አለኝ። ቤቴ ነው የማፈጥረው አልኩት። «እኔም እዚህ ነው እንግዲህ» ብሎ ሊቀመጥ ሲል፣ ከሰው ሁሉ ሊለይብኝ ነው ብዬ ተነሣሁ።

መስጊዱ ግቢ ሳህኑን መሃላችን አስቀመጠ፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ። አዛኑ ሲሰማ በተምር አፈጠርን። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ እጄን ሰደድኩ። ትኩሱ ገንፎ ስንጥቁን ጠዘጠዘኝ። የእሱ ጣቶች ከጣቶቼ አጠገብ ናቸው፤ ሁለቱም በዘይት ወዝተዋል። ያ ቀልደኛው ጎረቤቴ አየት አድርጎን ሌላ ትሪ ላይ ተቀመጠ። እስከ ዛሬም እጄን አይጨብጥም። ሌሎቹ ግን ጠጋ አሉ።

አሁን ማንጎ ስለቅም አንገቱን አስረዝሜ እቆርጣለሁ፤ እጄንም በጨርቅ እጠቀልላለሁ። ቆዳዬ እንደ ድሮው አልሆነም፤ የሚሆንም አይመስለኝም። አንዳንድ ቀን ማሳከኩ ሲነሣ ያ ጀርባ ይታየኛል። ነርሷ መንገዱን ነገረችኝ፤ ሸኹም ልቤን አሳረፉልኝ። እጄን ይዞ ወደ ሰው የመለሰኝ ግን የልጄ ባል አባት ነው።