መሬት የዋጠው ውኃ

ከባለቤቴ ጋር ከመጋባታችን በፊት «ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» ማለት ሰው ሲያፍር የሚላት ነገር ብቻ ትመስለኝ ነበር። እናቴ በየምክንያቱ ትላታለች። ወጡ ሲያርርባት፣ እንግዳ ሳትዘጋጅ ሲመጣባት፣ ጄኔቫ ውስጥ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ሲያፋጥጣት። እኔም እላት ነበር። አሁን አልላትም፤ መሬት ተከፍታ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለቤቴ የዙሪክ ልጅ ነው። በሥራ ቀን ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ ይውልና ቅዳሜ ሲመጣ ሄልሜትና መብራት አጥልቆ ዋሻ ውስጥ ይገባል። የእሱ ቢጤ እብዶች ተሰብስበው ማኅበር አላቸው። መጀመሪያ ሰሞን ከዙሪክ አለፍ ብሎ አድሊስቪል ወዳለው ቤታችን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመለስ «ምን አጥተህ ነው ግን?» እለው ነበር። አንድ ቀን ሰኔ ላይ «ነይና እይው» ብሎ ከጄኔቫ በስተላይ ወዳለው ዡራ ወደሚባለው ተራራ ይዞኝ ወጣ።

ላዩ ለዓይን ደስ ይላል። መስኩ ለምልሟል፣ ላሞቹ ደወላቸውን እያንቃጨሉ ይግጣሉ። አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ፤ ወንዝ የለም። ያ ሁሉ በረዶና ዝናብ በሚወርድበት ተራራ ላይ ስንሄድ ውለን አንዲት ጅረት እንኳ አላየሁም። «ውኃው የት ሄደ?» ስለው በጫማው መሬቱን መታ መታ አደረገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራራው የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ከአየሩም ከአፈሩም ጋዝ ይዞ ትንሽ ይኮመጥጣል። ሰው ቢቀምሰው አያውቀውም፤ የኖራ ድንጋይን ለማሟሟት ግን ይበቃል። በስንጥቁ ይገባል፣ ስንጥቁን ያሰፋዋል፣ የሰፋው ስንጥቅ ደግሞ ሌላ ውኃ ይስባል። ስንት ዘመን እንዲህ ከቆየ በኋላ ከሰው እግር ሥር ወንዝ ይሆናል። ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ይበራል። እኔ ደግሞ ሳላስበው ቀስ ብዬ መራመድ ጀምሬ ነበር።

ጉድጓዶቹን በየዓይነታቸው አሳየኝ። አንዳንዱ እንደ ሳህን ዝርግ ነው፤ ድንጋዩ ከላይ ወደ ታች በዝግታ ሲሟሟ የተፈጠረ፣ ሣር የለበሰ፣ ጋደም በይበት ጋደም በይበት የሚል። ሌላው ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ነው። እዚያ አፈሩ ራሱ በስንጥቁ ጥቂት በጥቂት ወደ ታች እየፈሰሰ ያልቅና መሬቱ አብሮት ይሰምጣል። «ክፉው ሦስተኛው ነው» አለኝ። ሦስተኛው ላይ ምንም አይታይም። ከሥር ያለው ዋሻ የገዛ ጣራውን እየበላ ወደ ላይ ይመጣል፤ ከላይ ግን ሣሩ እንደለመለመ ነው፣ ላሟም ቆማ ትግጣለች። ከዚያ አንድ ቀን ጣራው ይወርዳል።

«ምልክት የለውም?» አልኩት።

«አንዳንዴ አለው። ብዙ ጊዜ ግን የምናውቀው ከወደቀ በኋላ ነው።»

ከዚያ በአጥር ወደተከበበ አንድ ጥቁር ጉድጓድ ወሰደኝና ጫፉ ላይ በደረቴ አስተኝቶ ቁልቁል አሳየኝ። በሰኔ ፀሐይ የፍሪጅ አየር ፊቴን መታኝ። መብራቱን ሲያበራ የከብት አጥንት አየሁ፤ ድሮ እረኞች የሞተባቸውን ላም እዚያ ይጥሉ ነበር አለኝ። ከአጥንቱ በታች፣ መብራቱ ከማይደርስበት፣ ውኃ ይጮሃል። የት እንደሚወጣ ስጠይቀው «እሱን እኮ ነው የማናውቀው» አለኝ። ፈራሁ። ሲመሽ ባቡር ላይ ሆነን እንኳ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

እናቴ ጄኔቫ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ከአዲስ አበባ ተሰድዳ መጥታ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ከዚያ ሰኔ በፊት በነበረው ዓመት ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኘባት። በራዲዮሎጂ ባትታይ ማንም አያውቅም ነበር። ፊቷ ወዝ አለው፣ ድምጿ ያው ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የሚቀድማት የለም። ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ፣ ጨረሩም አለቀ። ከዚያ ሐኪሟ አንዲት ትንሽ ነጭ ኪኒን አዘዘችላት፤ በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ ሳታቋርጥ የምትወስዳት። «ይህቺን ካቆምሽ ተመልሶ ሊመጣብሽ ይችላል» ስትላት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እናቴ በፈረንሳይኛ «ዊ፣ ማዳም» አለች፣ እሺ እመቤቴ ማለቷ ነው። እናቴ «ዊ፣ ማዳም» ስትል እኔ አላምናትም።

ዙሪክ ውስጥ አልትሽቴተን ካለው መሥሪያ ቤቴ ስመለስ ማታ ማታ ከባቡር እደውልላታለሁ። «እንዴት ነሽ እማዬ?» «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «ኪኒኑስ?» «ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ!» እኛ ቤት «ደህና ነኝ» መልስ አይደለም፣ በር መዝጊያ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ሲሞት እንኳ መርዶው እስኪነገረኝ ድረስ በስልክ «ደህና ነው» ሲሉኝ ከርመዋል። ስለዚህ ደህና የሚለውን ቃል አላምነውም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ጋር ሽርሽር ወጥታ ከተራራው ግርጌ ምንጭ አገኘች። ከአለት ሥር የሚፈልቅ፣ እጅ የሚያደነዝዝ፣ ጥርት ያለ ውኃ ነው። ጓደኞቿ ፊታቸውን ታጥበው ተመለሱ። እሷ ግን በባቡርና በአውቶቡስ እየተመላለሰች በጠርሙስ መቅዳት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ትጠጣዋለች።

«ማን ባረከው?» አልኳት።

«የተጸለየበት ውኃ ጠበል ነው።»

«የፈረንጅ ላም የረገጠው ውኃ?»

«ላሟንስ ማን ፈጠራት?» አለችኝ።

ባለቤቴ ቦታውን በስልኩ ካርታ ላይ እንዳሳየው ጠየቀኝና ምልክት አደረገበት። በኋላ ማኅበራቸው የከብት አጥንት ባየሁበት በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቀለም ሊያፈስ እንዳሰበ ነገረኝ። ሰውንም ዓሣንም የማይጎዳ አረንጓዴ ቀለም ነው። ከላይ ያፈሱትና በየምንጩ እየዞሩ የት እንደሚወጣ ይጠብቃሉ። የእናቴ ምንጭ ከሚጠረጠሩት አንዱ ነበር። ለእናቴ ደውዬ «የላም ሬሳ የነካውን ነው የምትጠጪው» አልኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ግን እውነቱን ልናገር፣ ከላሟ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነበር። ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት ሲተው ስንት ጊዜ አይተናል! «በሁለት ልብ አይሆንም» ይላሉ። ኪኒኑን ስጠይቃት ያቺኑ በሯን ትዘጋብኛለች። ፊቷን ሳየው ደግሞ ደህና ናት። እኔም በፊቷ እጽናና ነበር።

ቀለሙን ለማፍሰስ ፈቃድ ሳይገኝ በረዶው ጣለ፣ ሌላ ዓመት ሆነ። በመጨረሻ በሚቀጥለው መስከረም፣ ከመስቀል በኋላ፣ ዝናብ ሲዘንብ ሰንብቶ እነባለቤቴ ወጥተው አፈሰሱት። በማግስቱ እናቴ ውኃ የምትቀዳበት ቀን ስለነበር ፈቃድ ወስጄ ከጄኔቫ አብሬያት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ትስቃለች፤ ውኃዋ ንጹሕ መሆኑን አይቼ ስሸነፍ ልታይ ነው የምትሄደው። ባለቤቴ ቀድሞን ምንጩ ዳር የመስታወት ብልቃጦቹን ደርድሮ ተቀምጧል። «እማማ፣ ደህና ነህ?» አላት። አማርኛው ላይ ወንድና ሴት እስከ ዛሬ ይምታታበታል። «ደህና ነኝ፣ ልጄ» አለችው እየሳቀች።

ጫማዋን አወለቀች፣ አማተበች፣ ጎንበስ ብላ ጠርሙሷን ደቀነች። መጀመሪያ ጥላ መሰለኝ። ከዚያ ከአለቱ ሥር እየተጥመለመለ አረንጓዴ መጣ። የቅጠል አረንጓዴ አይደለም፤ ከውስጡ የሚያበራ፣ ውኃ ላይ አይቼው የማላውቅ ቀለም ነው። ብዙ ጊዜ በመሣሪያ እንጂ በዓይን አይታይም ብሎኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ታየ። የእናቴ እግር አረንጓዴ ውኃ ውስጥ ቆሟል። «በስመ አብ!» አለች። ባለቤቴ «መጣ! መጣ!» እያለ ዘለለና ፊቷን ሲያይ ወደ ብልቃጦቹ ተመለሰ።

ትናንት ከላይ ያፈሰሱት ቀለም እንደሆነ፣ ያ የነገርኳት ጉድጓድ እዚህ እንደሚወጣ አስረዳኋት። አሸነፍኩ ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እሷ ግን ስለ ላሟ አንድም ቃል አልተናገረችም።

«ከላይ የተጣለው ሁሉ ይወጣል?» አለች።

«ይወጣል።»

«መሬት ውስጥ ሲሄድ ማንም አያየውም?»

«ማንም አያየውም እማዬ።»

ድንጋይ ላይ በባዶ እግሯ ተቀመጠች። ጠርሙሱን ደፋችው፤ ውኃው በጠጠሩ መሃል ገብቶ ጠፋ። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ኪኒኑን ትቼዋለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፍልሰታ።»

አሁን ያለፈው ፍልሰታ ነሐሴ ላይ ነበር። ወር ከምናምን ነው፣ አሁንም አልረፈደም ብዬ ተነፈስኩ። «የአሁኑ ፍልሰታ ነው አይደል?» አልኳት።

«ከእሱ በፊት ያለው» አለች።

ጮኽኩባት። ምን ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ሰው በእናቱ ላይ የማይጮኸውን ነው የጮኽኩት። እሷ «እስከ ዛሬ ምን ሆንኩ? ይኸው ደህና ነኝ አይደል?» ትላለች። እውነትም ደህና ትመስላለች። ጉንጯ በብርዱ ቀልቷል። ባለቤቴ የምንለው ባይገባውም ብልቃጦቹን መሙላት ትቶ እናቴን ያያት ነበር። ያንን አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ ተራራው ላይ ሣሩን እንዲያ ነበር ያየው።

ሆስፒታል ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ራጅ አስነሣቻት፣ ደም አስወሰደቻት፣ ቀጠሮ ሰጠችን፣ በቀጠሮው ስንሄድ ካንሰሩ ጉበቷ ላይ መሆኑን ነገረችን። «ከውጭ አይታይም፣ እስካሁን አላመማትም፣ ግን አለ» አለችን። ኪኒኑ ባይቋረጥ አይመጣም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ያንን ማንም ሊናገር አይችልም አለች። ሌላ መድኃኒት አዘዘች፤ ይህኛው ትልቅ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል። እናቴ «ዊ፣ ማዳም» አለች፣ በዚህ ጊዜ ድምጿ ቀጭን ነበር።

አሁን ማታ ስደውል እንዴት ነሽ አልላትም። «ዋጥሽ?» ነው የምላት። አላመንኳትም፤ እየሰማኋት እንድትውጥ አስማምቻታለሁ። ቧንቧው ሲከፈት ይሰማኛል፣ የከተማው ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ሲንቆረቆር ይሰማኛል፣ ከዚያ ስልኩን ወደ ጉሮሮዋ ታስጠጋልኛለች። ጉርጭ የሚል ድምፅ አለ። ከዚያ በኋላ ምንም አይሰማም።

ትናንት ባለቤቴ ከከተማ አብሮኝ ተሳፍሮ ነበር። ባቡሩ የዚልን ወንዝ ተከትሎ ወደ አድሊስቪል ይሄዳል።

«ዋጥሽ?» አልኳት።

«ዋጥኩ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ገባ?»

ሳቀች። የድሮ ሳቋ ነበር። «ገብቷል። በየት እንደሚወጣ ባልሽን ጠይቂው» አለችኝ።

ባለቤቴ ትከሻዬን ተደግፎ ወንዙን ያያል። አልጠየቅኩትም።