ለማ ፔኒሲሊን አይወጋም

ሀይሌ ጋርመንት ካለው ባንክ በር ላይ ዘበኛው መዳፌ ላይ አልኮል ጠብ ባደረገልኝ ቁጥር እጄን ከራሴ አርቄ እይዛለሁ። ሌላው ሰው እጁን እያሻሸ ይገባል፤ እኔ ግን በነጠላዬ ጫፍ ቶሎ ጠርጌው ባልፍም ሽታው ቀድሞኝ ገብቶ ወንበሬ ላይ ይጠብቀኛል፤ ከእሱም ጋር የላምባ ምድጃ ላይ የሚንተከተክ የብረት ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ እርስ በርሱ የሚንኳኳ የመስታወት መርፌ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ጀርባ ይመጣል። ሰባን ረግጫለሁ። ሰው ሲያረጅ ንዴቱ ይበርድለታል ይላሉ፤ እንዲህ የሚሉት ወይ አላረጁም፣ ወይ ከመጀመሪያውም አልተናደዱም።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ላፍቶ፣ ከወንዙ በላይ ነበር። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሁሉ ያኔ የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነበር። አባቴ አቶ ቶላ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረሰ ሰው ሲሆን፣ ቀያሾች መሬቱን በገመድ እየለኩ ሲያሳጥሩበት አውራ ጎዳናው ዳር ከተከፈተ ፋብሪካ በዘበኝነት ገባ። ጉልበተኛ ነበር፣ ያመረረ በሬ በቀንዱ ይዞ ያቆም ነበር፤ ነገር ግን ኮት የለበሰና ወረቀት የያዘ ሰው ፊት ሲቆም ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያሻሽ ነበር። እናቴ አበበች ደግሞ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን ሴት ሆና ምላሷ ለማንም አይመለስም ነበር። ልጆቻቸው ሁለት ነበርን፣ እኔና በሁለት ዓመት የምበልጠው ወንድሜ ለማ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ክረምት ነው። ያኔ ስድስት ዓመቱ የነበረው ለማ ከፋብሪካው ጀርባ ከሚጣለው ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ላይ ሲወጣ ስለቱ እግሩን ሰነጠቀው፣ ቁስሉም መግል ቋጥሮ እስከ ጉልበቱ አበጠ። አባቴ የፋብሪካውን ካሚዮን ለምኖ ከተማ ካለው ትልቅ ሆስፒታል ወሰደው፣ እናቴና እኔም አብረን ተጫንን። መርፌ ወጉት። ኮሪደሩን ተሻግረን ሳንጨርስ ከንፈሩ አብጦ ተገለበጠ፣ ሰውነቱ ሳማ እንደለበለበው ችፍ አለ፣ ትንፋሹም ማፏጨት ጀመረ። አንድ ፈረንጅ ሐኪም እየሮጠ መጥቶ ሌላ መርፌ ወጋው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለማ ዐይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ።

ሐኪሙ የተናገረውን ነርሷ ተረጎመችልን፣ ከዚያም በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት በአማርኛ ጽፋ፣ ሐኪሙ ፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት ለእናቴ ሰጠቻት። አባቴም እናቴም ማንበብ አይችሉም ነበርና ካሚዮኑ ላይ ያነበብኩላቸው ሁለተኛ ክፍል የነበርኩት እኔ ነኝ፦ ይህ ልጅ ፔኒሲሊን የተባለው መድኃኒት አይስማማውም፣ ከተወጋ ይሞታል። እናቴ ቃሉን ከሆስፒታሉ እስከ ላፍቶ እየደጋገመች፣ ስትሳሳት እኔ እያረምኳት፣ ቤት ስንደርስ እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛው ነበር።

አለርጂ የሚባል ቃል ያኔ አልነበረንም። «አይስማማውም» ነበር የምንለው፣ ጎመን ሆዱን ለሚነፋው ሰውም የሚባለው ያንኑ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ እየሰማ ይስቅ ነበር። በዚያ ላይ መርፌ ያልወጋ ሐኪም ሐኪም አይባልም፤ ሰው ራሱን ሲያመው እንኳ ሦስት ሰዓት በእግሩ ሄዶ መርፌ የሚለምንበት ዘመን ነበር። ጎረቤቶቻችን «ደግሞ መድኃኒት ሰው ይገድላል? ዐይን ገብቶበት ነው እንጂ» እያሉ እናቴን ይመክሯት ነበር። እሷም «ዐይንስ ማኅተም የለውም» ትላቸው ነበር።

መስከረም ሲጠባ ወረቀቱ ከመቀነቷ ተቋጥሮ እንዳለ ወንዝ ስትሻገር ራሰና ቀለሙ ፈሰሰ። እናቴ በእግሯ ከተማ ድረስ ሄዳ፣ ነርሷን ሁለት ቀን ተመላልሳ ፈልጋ፣ እንደገና አስጽፋ መጣች። ለማ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ትምህርት ቤት ሊገባ ስለነበር ወረቀቱ እሷ ወገብ ላይ መሆኑ አልጠቀመም፣ ልጁ ራሱ ላይ መሆን ነበረበት። ኪስ የሚባል ነገር ደግሞ ከለማ ሱሪ ላይ ሳምንት አይቆይም። ስለዚህ ወረቀቱን ሰም በነካ ጨርቅ ጠቅልላ ክታብ ለሚሰፋው ቆዳ ሠራተኛ ወሰደችው፣ እሱም እንደ ማንኛውም ክታብ በቀይ ቆዳ ለብጦ ማንጠልጠያ ሠራለት፣ ለማም አንገቱ ላይ አሰረው። አባቴ ቅር ሲለው «የኔውም ፊደል ነው፤ ሌላው ለልጁ ፊደል አስሮ የለም?» አለችው።

የመስቀል ሰሞን የንስሐ አባታችን አባ ገብሬ ጠበል ሊረጩ መጥተው ክታቡን አዩና ፊታቸው ጠቆረ። «አበበች፣ ደብተራ ቤት መሄድ ጀመርሽ?» አሏት። እናቴ ስፌቱን በቢላ ተርትራ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። አባ ከዐይናቸው አርቀው ይዘው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበቡት። ከዚያ «ይሄንንስ እሰሪው» ብለው ሄዱ። እናቴ ማንም እጁን እየበላው እንዳይፈታው ብላ ቆዳ ሠራተኛው ዘንድ ተመልሳ በጅማት እጥፍ አድርጋ አሰፋችው። ያ ሰው ሥራ ያውቅ ነበር።

በጋውን ሙሉ እናቴ እንደ አዋጅ ነጋሪ ዞረች። ለአስተማሪው ነገረች፣ ለክርስትና እናቱ ነገረች፣ የአባቴ ዘመዶች ቤት በየተራ እየሄደች በተሰባበረ ኦሮምኛዋ ነገረች። በዚህ የተነሣ የሰፈሩ ልጆች ለለማ «ፔኒሲሊን» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት፣ እሱም ቅር ከማለት ይልቅ ጌጥ አደረገው፤ ትግል ሲገጥም ክታቡን ከሸሚዙ አውጥቶ «እኔን የነካ ወየውለት!» እያለ ይፎክር፣ ሲሸነፍም «አይስማማኝም» ብሎ ይስቅ ነበር። እናቴ ለቅጣት አለንጋ ስታነሣ ክታቡን ይዞ ይቆምባታል፣ እሷም ሳቋ ስለሚያመልጣት አለንጋው ይወድቃል። አባቴ እንኳ ከሥራ ሲመለስ «ፔኒሲሊን የት አለ?» ብሎ ይጠራው ጀመር።

በቀጣዩ ሐምሌ የለማ ጉሮሮ አበጠ። ምራቁን መዋጥ አቃተው፣ ሰውነቱ እንደ ፍም ጋለ። ወንዙ ሞልቶ የከተማውን መሻገሪያ ስለወሰደው አባቴ ለማን አዝሎ፣ እናቴና እኔ ተከትለን፣ በጭቃው እየተንሸራተትን ከወንዙ ወዲህ ወዳለችው ትንሽ ክሊኒክ ሄድን። ክሊኒኳን የያዘው ቁስል ማሰርና መርፌ መውጋት የተማረ አንድ ድሬሰር ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም።

እናቴ ገና ከበሩ ሳታልፍ «ጌታዬ፣ ለማ ፔኒሲሊን አይወጋም» አለች።

ድሬሰሩ የለማን ጉሮሮ በባትሪ እያየ «ማን አለሽ?» አላት።

«ሐኪሙ ናቸው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«ወረቀት አለው ጌታዬ። አንገቱ ላይ ካለው ውስጥ ነው፣ ይፍቱና ይዩት።»

ክታቡን በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ ለአባቴ እያሳየ «በዚህ ዘመን! አቶ ቶላ፣ አንተ እንኳ ከሠለጠነ ሰው ጋር የምትውል ነህ» አለና ማንጠልጠያውን በመቀስ ቆርጦ ከጥጥ መጣያው ጣሳ ጨመረው። እናቴ ዘልላ እጅጌውን ያዘች። «ውስጡ ያለው የሐኪም ጽሕፈት ነው እላለሁ!» ድሬሰሩ አባቴን ዞሮ «ሚስትህን አስወጣልኝ» አለው።

አባቴም አስወጣት። ያ በሬ የሚያቆም እጅ እናቴን ክንዷን ይዞ፣ «አታሳፍሪኝ፣ ዶክተር አይደሉ?» እያለ፣ እየጮኸች ጎትቶ አወጣት። እስከ ዛሬ ድረስ፣ አፈር ከበላው ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ፣ ይህን ይቅር አላልኩትም።

እኔን ማንም አላየኝም። ጣሳው ውስጥ እጄን ከትቼ፣ ደም ከነካው ጥጥ መሃል ክታቡን አወጣሁና በጥርሴ ጀመርኩት። ቆዳው በላብና በዝናብ ደርቆ አጥንት ሆኗል፣ ጅማቱም አልበጠስ አለ። ድሬሰሩ መርፌውን ሲሞላ፣ ለማ በሆዱ ተኝቶ እኔን እያየ፣ በዚያ ባበጠ ጉሮሮው «ፔኒሲሊን ነው?» ብሎ ድሬሰሩን ጠየቀው። «አይደለም የኔ ጎበዝ፣ ቫይታሚን ነው» አለው። አመንኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ሰውዬው ነጭ ለብሶ ነበር፣ የእናቴ ጩኸት ደግሞ አሳፍሮኝ ነበር፤ ክታቡን ከአፌ አወጣሁት።

ድሬሰሩም ወጋው። ለማ ከዚያች አልጋ አልተነሣም። ድሬሰሩ ሲሮጥ፣ ሣጥን ሲገለብጥ፣ ጠርሙስ ሲሰብር አየሁት፤ የሚፈልገው መድኃኒት አልነበረውም ወይም የት እንዳለ አያውቅም። እናቴ በሩን በርግዳ ስትገባ የለማ ትንፋሽ ፉጨት ቆሞ ነበር። ወንድሜን ነካ አድርጋ ካየች በኋላ ከእጄ ክታቡን ወስዳ፣ ከጠረጴዛው መቀሱን አንሥታ ቆርጣ ከፈተችው፣ ወረቀቱንም ዘርግታ፣ እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ትለው የነበረውን ሰው «አንብበው። የተማርከው አንተ ነህ» አለችው። አነበበው። አነበበውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

በሠልስቱ ለቅሶ ቤት መጣ። ድንኳኑ ሙሉ ነበር፤ ሰው ሁሉ «እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ» እያለ እናቴን ያጽናናል። አባቴ ድሬሰሩን ሲያይ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቦታ አስለቀቀለትና እኔን «ዶክተርን አስታጥቢያቸው» አለኝ። ማንቆርቆሪያውን አንሥቼ ሄድኩ። ሁለት ንጹሕ እጁን ዘረጋልኝ። ውሃውን በሙሉ ጫማው ላይ አፈሰስኩት።

አባቴ እጁን ሲያነሣ እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ መካከላችን ቆመች። «እግዜር አልነሣኝም፣ ስሙን አታንሡ» አለች፣ ድንኳኑ በሙሉ እየሰማ። «ይሄ ሰው ነው የነሣኝ። ነግሬዋለሁ። ወረቀቴን ያምጣ።»

«የምን ወረቀት?» አለ ድሬሰሩ ሽማግሌዎቹን እያየ።

አባ ገብሬ ከጥግ ሆነው «እኔ አንብቤዋለሁ» አሉ። ድሬሰሩም እጁን ሳይታጠብ፣ እህል ሳይቀምስ ወጣ። ምን ተደረገ ትሉኝ እንደሆነ፣ ምንም አልተደረገም። የድሃ ልጅ በክረምት ሞተ፣ ይኸው ነው። እናቴ ሁለት ቢሮ ደጅ ጠንታ ማስረጃ አምጪ ተባለች፤ ሰውየው ግን በዓመቱ ከተማ ወዳለ ትልቅ ቦታ አድጎ ተዛወረ፣ የሰፈሩ ሰውም በግ አርዶ ሸኘው። አባቴ ለበጉ ገንዘብ ካዋጡት አንዱ ነበር። እናቴ በዚያ ቀን ዕቃዋን ከመኝታቸው አውጥታ እኔ የምተኛበት መደብ ላይ አደረገች፣ እስክትሞት ድረስም አልመለሰችውም።

አሁን የልጄ ልጅ ለውዝ አይስማማውም። ቦርሳው ላይ በፕላስቲክ የታሸገ ቀይ ካርድ አለ፣ አስተማሪዋ ብስኩት ለመስጠት እንኳ ለእናቱ ትደውላለች። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፣ ቀጥሎ ያበግነኛል። ባለፈው ወር ለቡ ካለ ጤና ጣቢያ ጉሮሮዬን ታምሜ ሄጄ ነበር። ካርድ ክፍል ተቀምጣ የነበረች ገና ልጅ እግር ነርስ፣ ቀና ሳትል «እማማ፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» አለችኝ። «ወንድሜን ፔኒሲሊን ገድሎታል» አልኳት። ያን ጊዜ ቀና አለች፣ «አይዞዎት፣ ለእርስዎም እንጠነቀቃለን» ብላ በቀይ እስክሪብቶ ካርዴ ላይ ጻፈችው፣ የጻፈችውንም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። ልመርቃት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ይህቺን ምንም ያላጠፋች ልጅ በጣም ተናደድኩባት። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ጠይቃ፣ ሰምታ፣ ጽፋ እስክትጨርስ አንድ ሰው እንኳ አላጉረመረመም፣ ለማጉረምረም የሚበቃ ጊዜ አልፈጀባትም።