ጋሽ ለገሰ መልሰው ሲያነቡ

ጋሽ ለገሰ ቦንጋ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ለከሳሽም ለተከሳሽም ይጽፋሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ቀን፣ በዚያው እስክሪብቶ። ጽፈው ሲጨርሱ ታዲያ ለባለጉዳዩ ጮክ ብለው ሳያነቡ አያስፈርሙም። ይህ ልማዳቸው ያላናደደው ችኩል የለም።

ኮሮና የገባ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር ሲዘጋ እንኳ እሳቸው ማስካቸውን አጥልቀው ከጃንጥላቸው ሥር አልጠፉም። ትርንጎ ያገኘቻቸው እዚያው ነው። በኮሮና ለይቶ ማቆያው ወለል የምታጸዳ ሴት ናት። ጠዋት ከተረኝነት ስትመለስ የኪራይ ቤቷ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ጠበቃት፤ ዕቃዋ ውስጥ፣ እሷ ውጭ።

«በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተከራይ ማስወጣት ተከልክሏል። ዛሬውኑ ይታይልሽ እንላለን» አሏትና ጻፉላት። አነበቡላት፣ ፈረመች፣ ማመልከቻው ገባ። መጥሪያው ለአከራይዋ ደረሰና ለከሰዓት ተቀጠሩ።

ከሰዓት አከራይዋ እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከተፍ አሉ። «ከሰሰችኝ እኮ! ጋሽ ለገሰ፣ መልሴን ይጻፉልኝ!»

ጋሽ ለገሰ ንጹሕ ወረቀት አወጡ። ራቅ ብላ የተቀመጠችው ትርንጎ ደሟ ፈላ። ጠዋት ለእሷ የጻፈ እጅ፣ አሁን ደግሞ ላባረረቻት!

«ከሳሽን ከመቼ ጀምሮ ያውቋታል?» ብለው እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። እትዬ አልጣሽ ማን ይችላቸዋል፣ ዘረገፉት። እሳቸውም ጻፉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ።

«ከሳሽ ቤቴን ተከራይታ አራት ዓመት ኖራለች። ክፉ አላየሁባትም። አምና ወባ ሲጥለኝ ልጆቼ ሩቅ ስለሆኑ ያስታመመችኝ እሷ ነች። ትውከቴን ሳትጸየፍ ጠርጋለች። አሁን ግን የበሽተኛ ወለል የምትጠርግ ሴት ግቢዬ እንድትገባ ስላልፈለግሁ ቆልፌባታለሁ።»

እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው ዝቅ አደረጉ። «ይኼን ያልኩት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት። አንድ ቃል አልጨመርኩም።»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገሙላቸው። ትርንጎ አንገቷን አስግጋ አዳመጠች። ሰውዬው አልገሠጹ፣ አዋጅ አልጠቀሱ፤ የሴትዮዋን የገዛ ቃል መልሰው ከማንበብ በቀር ምንም አላደረጉም። ሰው ይህን ያህል መሥራት የሚችለው እንዲህ ባለ ቀላል ነገር ነው እንዴ!

እትዬ አልጣሽ አልፈረሙም። ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጋሽ ለገሰ አልኮል አርከፍክፈውበት ወደ ትርንጎ ገፋ አደረጉላት።

እትዬ አልጣሽ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን ግን አጣጥፈው፣ ቁልፉ በነበረበት ቦታ መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።