ወንዲ በጥርሱ የቃኛት አኮርዲዮን

ወንድሜ ወንዲ ጆሮው አይሰማም። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ኋላ “ምነው ሳትነግሪን” የሚል እንዳይመጣ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ማጅራት ገትር ያዘው፤ ነፍሱ ተረፈች፣ ጆሮው ቀረ። አሁን አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሰበታ መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ወንበር ያለብሳል። በኛ መንገድ በሚኒባስ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ወንዲ በሰፋው ላይ ተቀምጧል። መሃላቸው የሚተጣጠፈው ረጃጅም አውቶቡሶች እንኳ እጥፋታቸው ሲቀደድ ለሱ ነው የሚያመጡለት። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፣ ወርቅውሃ። ፉሪ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ስጨቃጨቅ ስለምውል አነጋገሬ ትንሽ ይጎረብጣል፣ ቻሉኝ።

አባታችን ተሾመ በዘመኑ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። ከሰበታ እስከ ጫንጮ ያለሱ ሠርግ አይደምቅም ነበር ይባላል። የሚለው ራሱ ነው፣ ግን ውሸት አይደለም። ወንዲ መስማት ካቆመ በኋላ አኮርዲዮኑን ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። “ልጄ የማይሰማውን እኔ ምን ብዬ እጫወታለሁ?” አለ፣ በዚያው አበቃ። ሠላሳ አራት ዓመት አልጋ ሥር ተቀመጠ።

አምና አባዬን ልቡን አመመው፤ ሐኪሙም ከባድ ነገር እንዳያነሳ ከለከለው። የሰው ነገር፣ በተከለከለ ማግስት አማረው። “ወርቄ፣ አንድ ቀን ብቻ ተጫውቼበት ብሞት” ይለኝ ጀመር። አኮርዲዮኑ አሥራ አንድ ኪሎ ነው። አንድ ከሰዓት ስገባ ከአልጋ ሥር ሊጎትተው ሲታገል ደረስኩበት፤ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ትንፋሽ አጥሮታል። ደነገጥኩ። እኔ ደግሞ ስደነግጥ የምናደድ ሰው ነኝ። ወንዲ ከሥራ ሲመጣ የተናደድኩትን ሁሉ እሱ ላይ አወረድኩት። “ባንተ ምክንያት ባያቆም ኖሮ ዛሬ እንዲህ አያምረውም ነበር” አልኩት በምልክት።

ወንዲ ለካ አያውቅም። አባታችን ሰልችቶት የተወው ነበር የሚመስለው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእጅም አይታሽም። የተናገሩ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። ወንዲ ግን ወደ አልጋው ሥር ጎንበስ አለ። አኮርዲዮኑን አወጣው፣ ክብደቱን በክንዱ መዘነው፣ ከዚያ ወደኔ ዞሮ “ቀላል እሠራለታለሁ” አለኝ።

ሳቅኩ። ኃጢአቴን ልናዘዝ፣ በደንብ ነው የሳቅኩት። ጆሮው የማይሰማ ሰው የሙዚቃ መሣሪያ ሊሠራ!

ጎረቤታችን ኦቦ ሌንጮ አናጢ ናቸው፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ደረቅ የዋንዛ ጣውላ ሰጡት። ባለ ስድስት ማዕዘን ሁለት ትንንሽ ሣጥን ሠራ፤ በመሃላቸው አየር የሚስበውንና የሚገፋውን ወናፍ ገጠመ። ወናፉ ለሱ ምኑም አልነበረም። ደረቅ ካርቶኑን አጠፈ፣ ማዕዘኑን በፍየል ቆዳ አለበሰ፣ በማስቲሽ አጣበቀ። አውቶቡስ ያጠፈ እጅ ነው። ለጣት መጫኛ አሥር የካፖርት ቁልፍ ተከለ። አሥር ብቻ የሆነው የአባዬ ዘፈኖች በአምስት ድምፅ ስለሚያልቁ ነው፤ አምስት በወፍራሙ፣ አምስት በቀጭኑ። ይቺን ዓይነት ትንሽ አኮርዲዮን ውጭ አገር ኮንሰርቲና ይሏታል አሉ። እኛ ቤት “ትንሿ” ነው የምንላት።

ድምፅ የሚሰጡት ከውስጥ ያሉት ቀጫጭን የብረት ምላሶች ናቸው። ወንዲ እነሱን ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ሞላ ቆረጣቸው። የምላሷን ጫፍ በሞረድ ካሳሳት ድምፁ ይቀጥናል፣ ሥሯን ካሳሳት ይወፍራል። እኔ የምጠብቀው ይህንን ነበር። “አሁን ምን ልትሆን ነው? ማን ሊሰማልህ?” አልኩት። ልረዳው አስቤ ነው፣ ግን እንደ ነገር ሳይሆንብኝ አልቀረም። በእጁ “ነይ” አለኝ።

ከአባዬ አኮርዲዮን አንዱን ምላስ ፈትቶ ከራሱ ምላስ ጎን ለጎን እንጨት ላይ በሰም አጣብቋል። በእግሩ የኳስ መንፊያ እየረገጠ ሁለቱን አንድ ላይ አስጮኻቸው። ከዚያ እንጨቱን በጥርሴ እንድነክስ አዘዘኝ። ነከስኩ። ራሴ ውስጥ አንድ መንቀጥቀጥ ገባ፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። ወንዲ የራሱን ምላስ ትንሽ ሞረድ አደረጋትና እንደገና ረገጠ። የሚመላለሰው ዘገየ። ደግሞ ሞረደ። በጣም ዘገየ። በአራተኛው ቆመ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆነው ጸጥ ብለው ወጡ።

ያኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እኔ ሁለት ጤነኛ ጆሮ ይዤ አርባ ስድስት ዓመት ስኖር ይህን ሰምቼ አላውቅም። አብሮኝ ያደገ፣ አፍንጫውን የጠረግኩለት ልጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር በውስጡ ይዞ ጎኔ ተቀምጦ ነበር። ፈራሁትም፣ ኮራሁበትም። ሃያ ምላስ፣ ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ለመሳቢያው አንድ ለመግፊያው፣ እንዲህ በጥርሱ እየነከሰ ቃኘ፤ አራት ወር ፈጀበት።

እሑድ ከሰዓት ትንሿን አምጥቶ አባዬ ጭን ላይ አስቀመጠለት። ኦቦ ሌንጮም መጥተው “አካም ጅርታ፣ ተሼ” ብለው ተቀመጡ። አባዬ አገላብጦ አያት። ከሁለት ኪሎ አታልፍም። ጣቶቹ ትንሽ ፈለጉ፣ ከዚያ አንድ የድሮ የሠርግ ዘፈን ጀመረ። ድምፁ የአባዬ ነው፣ የልጅነቴ ነው።

መሃል ላይ አንዷ ድምፅ ዝቅ ብላ ወጣች። ልቤ አብሯት ወረደ። ኦቦ ሌንጮ መሬት መሬቱን አዩ። አባዬ መጫወቱን አቆመ፤ ያቺን ቁልፍ ደጋግሞ ተጫናት። ወንዲ የሁላችንን ፊት እያየ ቀለሙ ተለወጠ። እኔ ልዋሽለት እጄን አንስቼ ነበር።

“ይቺ የኔ ናት” አለ አባዬ፤ እንባው ወርዷል። “ሰንዳፋ ሠርግ ስሄድ አኮርዲዮኑን ዝናብ መትቶት ምላሷ ዝጋ ነው ዝቅ ያለችው። ሁልጊዜ እየዘለልኳት ነበር የምጫወተው። ይህ ልጅ ዝገቴን እንኳ አልሳተም።”

ለወንዲ ነገርኩት። ወዲያው ሞረዱን ከኪሱ አወጣ። አባዬ ግን ትንሿን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። “እንዳይነካት በይው” አለኝ፣ ዘፈኑንም ካቆመበት ቀጠለ፤ ያቺን ድምፅ ሳይዘላት። ወንዲ ተንበርክኮ አገጩን ሣጥኗ ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተነቃነቀም።

ዘፈኑ ሲያልቅ አባዬ “ይሰማዋል እንዴ?” ብሎ ጠየቀኝ። ጠየቅኩለት። ወንዲ ቀስ ብሎ በእጁ መለሰ። እኔ ወርቅውሃ፣ ለማንም አፌ የማይያዝ፣ እንዲደግምልኝ በምልክት ጠየቅኩት።

“ምን ይላል?” አለ አባዬ።

“ድሮም በደረቴ ይሰማኝ ነበር ይላል። ሣጥን ውስጥ ከመክተትህ በፊት ምነው አልጠየቅከኝም ይላል።”

አባዬ የወንዲን ራስ በእጁ ስቦ ወደ ሣጥኗ መለሰውና ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረ።