ከማዶ የተጠራው ፕሮም

ፓን ቫለንቲን (ፓን በኛ አቶ ማለት ነው) የማውቀው በጭስ ያደረቅሁትን አሳ ከምሸጥበት ከቪስዋ ወንዝ ዳር ነው። ሰው በፕሮም ያሻግራል። ሰፊ የሳንቃ ጀልባ ነው፤ ሞተር የለውም፣ በብረት ገመድ ተይዞ ወንዙ ራሱ ይገፋዋል፤ ውሃው ሲዝል ደግሞ ገመዱን በእንጨት ይስቡታል። እሱም እንደ ፕሮሙ ድምፅ የለውም። እንዴት እንደምለው እንጃ፣ አጠገቡ ስቀመጥ ጠዋቱ ገና ያልነቃ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ከማዶ የጠራ ሰው አይተውም። “አያቴ ጠላቱን ሳይቀር አሻግሯል፤ የተደባደቡት ከተሻገሩ በኋላ ነው” ይላል።

ልጁ ቦግና ለአንድ በጋ እንጆሪ ልትለቅም ስዊድን ሄዳ እዚያው ቀረች። እዚያ ልታገባ ነው ሲሉት “ማዶ የሄደ ማዶ ይቅር” አለ። እኛ ጋ ደግሞ አባት ሳይመርቅ ሙሽራ ከቤት አይወጣም።

መስከረም ላይ ደወለችልኝ። “እትዬ ስታሻ፣ ነገ ከእጮኛዬ አባት ጋር እመጣለሁ። አባዬ ሳይመርቀኝ አላገባም። ያሻግረን ይሆን?”

ጠዋት ጉሙ ወንዙን ውጦታል። ለፓን ቫለንቲ ነገርኩት። ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ተቀመጠ።

“ዛሬ ፕሮም የለም።”

“ሞተር እንኳ የለው፣ ተበላሸ አትለኝ!”

“አንቺ አሳሽን ሽጪ።”

“በዚህ ጉም ለማን? ለዳክዬ?”

 ውሃው ብቻ ያንሾካሹካል። ድንገት ከጉሙ ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ መጣ፣ ረዘም ያለ፤ “ፕሮ...ም!”

“ማነው?” አልኩ።

“እንጃ። ግን ጠርቷል” ብሎ ተነሳ። እኔም ዘልዬ ገባሁ።

ማዶ ቦግና አንገቷን ደፍታ ቆማለች። የጠራው አጠገቧ ያለው ረጅም ሽማግሌ ነው፤ ሲክስተን ይባላል፣ የእጮኛዋ አባት። ፓን ቫለንቲ ልጁን ቀና ብሎ አላያትም። ሰውየው ግን እንደተሳፈረ ሳይነግሩት ገመድ መሳቢያውን እንጨት ያዘና አብሮት ይጎትት ጀመር። ዕድሜውን በሙሉ በሐይቅ ላይ ግንድ ሲያጓጉዝ የኖረ ነው አሉ።

መሀል ወንዝ ላይ ሲክስተን ሳንቃውን መታ መታ አደረገ። “ፕሮም።”

“ይሄንን ማን አስተማረው?” አለ ፓን ቫለንቲ።

“ማንም፣ አባዬ። እነሱም የጭነት ጀልባቸውን እንዲህ ነው የሚሉት።”

“ቄሱ ነግረውኛል፣ ቃሉ የኛ ነው! ከመሻገር የወጣ። ጀርመኖች ከኛ ሰምተው ለነሱ አቀበሉ። ከኛ እንደወሰዱት ንገሪው!”

ቦግና ተረጎመችለት፤ ሲክስተን ሰማና ፈገግ አለ። መልሱን ለአባቷ ስትነግረው ቦግና ቀና አለች። “ደህና አድርገን ይዘነዋል፣ መመለስ ግን አንመልስም ይላል።”

ያወራው ስለ ቃሉ ብቻ አልመሰለኝም። ፓን ቫለንቲ ልጁን ያኔ አያት። እጁን ቪስዋ ውስጥ ነከረና ግንባሯ ላይ መስቀል አደረገ። ውሃው ባፍንጫዋ ወረደ።

“እግዜር ደህና ያሻግርሽ” አላት። ወዲያው ወደ ሽማግሌው ዞሮ “አንተ ሌባ፣ ጎትት እንጂ!” አለ።

ጉሙ አልተነሳም ነበር። የቀረበን የቱ ዳር እንደሆነ አላወቅሁም።