አባቴ ያላዩት ውሃ

ይህ ታሪክ ሊነገር የሚገባው ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው የሞተበት ቤት ብዙ ነው፤ በእኛ አገርማ ባለፉት ዓመታት ያላዘነ ደጃፍ የለም። የእኛን ለይቶ የሚያስወራው ምንድን ነው እያልኩ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ። ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ከቤተሰቦቿ ጋር በስልክ እየተያየች ስታወራ፣ “ካሜራውን አዙሩትና ቤቱን አሳዩኝ” ባለቻቸው ቁጥር የጌሾ ሽታ ይመጣብኛል።

ኅዳር ነበር፤ እሁድ ጠዋት። ሰቆጣ ያለው ቤታችን ለአባቴ ተዝካር ጠላ እየተጠመቀበት በጌሾ ሽታ ታውዷል። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ፤ ጥቅምት ላይ ለጥቂት ቀን ታመው ዐረፉ። ታላቅ ወንድሜ ያኔ ቻይና፣ ሻንጋይ በምትባለው ትልቅ ከተማ ይማር ነበር። የአባቱን ሞት አልሰማም።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሄዶ፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው የሚነገረው። የነፍስ አባታችንም ይህንኑ አጸኑ። “ልጁ እዚያ ፎቅ ላይ ብቻውን ነው። መስኮቱ ሲታየው ማን ይይዘዋል?” አሉ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ወንድሜ በደወለ ቁጥር አጎቴ፣ አባቴ ደሃና ካለ ገዳም ሱባኤ እንደገቡ ይነግሩት ነበር። ሱባኤ የያዘ ሰው ስልክ አያነሳም፤ ወንድሜም የካህን ልጅ ነውና ይህን ያውቃል። መቼ እንደሚያበቃ አጥብቆ ሲጠይቃቸው ግን አፋቸውን አዳለጣቸውና “እሁድ” አሉት። ለምን እሁድ እንዳሉ እሳቸውም አያውቁትም።

ያችን እሁድ ነው ወንድሜ ሲጠብቅ የከረመው። ከአገር ሲወጣ አባቴ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ባሕር ሲዘምሩ ኖረው ከተከዜ የሰፋ ውሃ አላዩም። “ፎቁን ተወው፤ መርከብ የሚሸከመውን ውሃ አሳየኝ” ብለውት ነበር።

ስልኩን እንድይዝ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ሥራዬ የአባቴ መደብ እንዳይታይ መጠንቀቅ ነበር። እናቴ ጥቁሩን አውልቃ የአክስቴን ነጭ ነጠላ ለበሰች፤ ለሐዘን የተላጨ ራሷን በሻሽ ሸፈነች። የጠላውን ጋን በሰሌን ጋረድነው።

ወንድሜ ወፍራም ካፖርት ለብሶ እየሳቀ ብቅ አለ። ከተማዋን ሊያዞረን እንደወሰነ፣ በመጨረሻ ውሃው ዘንድ እንደሚያደርሰን፣ እስከዚያ አባም ከገዳም እንደሚደርሱ ነገረን። አጎቴ መኪና ሊያዘገያቸው እንደሚችል አጉተመተሙ።

መጀመሪያ ከመሬት በታች በሚሄድ ባቡር ወሰደን፤ ድምፁ ክረምት ላይ ከተራራ የሚወርድ ጎርፍ ይመስል ነበር። ከዚያ ጫፉ ጉም ውስጥ የገባ ሕንፃ አሳየን። አክስቴ ወደ ስልኩ ተጠግታ፣ እዚያ ላይ የሚኖር ሰው እሳት ሲጠፋበት ከየትኛው ጎረቤት እንደሚጭር ጠየቀችው። ወንድሜ ሳቀ፤ እሱ ራሱ ጎረቤቱን እንደማያውቀው ነገራት። እናቴ ይህን ስትሰማ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ጠመዝማዛ ድልድይ ያለበት አሮጌ የአትክልት ቦታ ውስጥ ቀያይ ዓሦች ሲርመሰመሱ አየን። መንገድ ዳር በትልቅ ብረት ምጣድ የሚቆላ ፍሬ ገዛና፣ ሽታው የእኛን ቤት ቆሎ እንደሚያስታውሰው እየነገረን በላ። እሱ ሲስቅ እኛም እንስቃለን፤ ከካሜራው ጀርባ የተቀመጡት ግን እንባቸውን ይጠርጋሉ። በሌላ ቀን ለአንድ ቃል የሚያስቸግረን ኔትወርክ ያን ቀን እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ዋለ። እንዲቋረጥ የተመኘሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

እኛ ዘንድ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች እዚያ መሸ። የመርከብ ጩኸት ተሰማ። ወንድሜ ግን ካሜራውን ወደ ራሱ እንዳዞረ ቆመ።

“አባን አቅርቡልኝ። ውሃውን መጀመሪያ የሚያዩት እሳቸው ናቸው።”

አጎቴ መኪናው መንገድ ላይ እንደተበላሸ ነገሩት። እንደሚጠብቅ መለሰ። ቢያድሩስ አሉት። አድሬም ቢሆን እጠብቃለሁ አለ። ብርዱ ከንፈሩን አጥቁሮታል። ያኔ እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ በእናቷ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ ትለምነው ጀመር፦ ወደ ሰው ግባ፣ ብቻህን አትቁም፣ ከውሃው ራቅ።

ሁላችንም ደነገጥን። እናቴ እኛን ያሳደገችን በአማርኛ ነው። ከልጆቿ ጋር ኽምጣንጋ የምትናገረው ሐዘን ሲያሸንፋት ብቻ ነበር፤ የገዛ እናቷ የሞተች ዕለት እንዲያ ነበረች። ይህን ወንድሜ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

የወንድሜ ምስል ባለበት የቀረ መስሎኝ ነበር፤ ግን ነፋሱ ይሰማ ነበር። ከበስተኋላው የሕንፃዎቹ መብራት አንድ በአንድ ይበራል።

“እታለም” አለኝ በመጨረሻ።

“አለሁ” አልኩት።

“ስልኩን የአባ መደብ ላይ አድርጊልኝ።”

አጎቴን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፉ። ስልኩን ከእናቴ ተቀብዬ ባዶው መደብ ላይ፣ ከአባቴ ትራስ ጋር አስደግፌ አቆምኩት። ወንድሜ ካሜራውን አዞረ። ውሃው ጥቁርና ሰፊ ነበር፤ ትልቅ መርከብ መብራቱን ውሃው ላይ እየጎተተ ቀስ ብሎ ያልፋል።

“አባ፣ ይኸውልዎት” አለ።

ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ መደቡ ፊት ቆመን የአባቴን ውሃ አየን።

ከዚያ በኋላ ስለ ሱባኤው ጠይቆን አያውቅም። እናቴ በየማለዳው ትደውልለታለች፤ ስልኩ ጠርቶ እስኪነሳ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ትቆያለች። “ደህና ነኝ፣ እማ” ይላታል። ስለ ሌላ ነገር አያወሩም። ማልቀስ ያለበት ሰው ሳያለቅስ መክረሙ ከልቅሶው ይልቅ ያስፈራን ነበር።

ለእረፍት ሲመጣ እንደ ወጉ አጎቴ ቤት አሳደሩት። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹና የነፍስ አባታችን ገቡ፤ እኔና እናቴ ከኋላ ተከተልን። ወንድሜ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን አውልቆ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። የነፍስ አባታችን “ልጄ፣ አባትህ…” ሲሉ፣ ገና አሁን እንደሰማ ሰው ጮኸ። ሲወድቅ የያዙት እጆች ብዙ ነበሩ።

ጥር ፳፩ ቀን፣ የእመቤታችን ዕረፍት በሚታሰብበት በአስተርእዮ ማርያም ማለዳ ነበር።