በምላጭ የተቆረጠው ፍርድ

አምቦ መናኸሪያ አጠገብ መታወቂያ እያስያዙ መጽሐፍ የሚያከራዩ ኦቦ ቶላሳ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ባለፈው ሰሞን ከተማው ሁሉ የሚያወራለትን ልብ ወለድ ከእሳቸው ተከራየሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ያህል የሚወራለት አይደለም፤ ገጸ ባሕሪው ሁሉ አልቃሻ ነው። ቢሆንም ነፍሰ ገዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ልቤ ተሰቀለ። ገለጥ ባደርግ የመጨረሻዎቹ ገጾች በምላጭ ተቆርጠዋል!

በማግስቱ እየተንጨረጨርኩ ሄድኩ።

«ኦቦ፣ መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ ማከራየት ደንበኛ ማጭበርበር አይደለም?»

«የቆረጥኩት እኔው ነኝ» አሉኝ፣ ምንም ሳያፍሩ። «መጨረሻው ላይ ይፈረድበታል ይላል። ውሸት ነው። ማጭበርበርስ ውሸት አከራይቶ ገንዘብ መቀበል ነው።»

ሳቄ መጣ። «ልብ ወለድ እኮ ነው!» ልላቸው አፌን ስከፍት አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ መጣ።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ቶላሳ?» አለና እጄ ላይ ያለውን መጽሐፍ አየ። «ይቺን እኔም አንብቤያታለሁ፤ መጨረሻዋ ግን ተቆርጦ ነው የደረሰኝ። ለመሆኑ ተፈረደበት?»

ኦቦ ቶላሳ ዓይን ዓይኑን እያዩ «ገና ነው» አሉት።

ሰውዬው ሳቀና ሌላ መጽሐፍ መርጦ፣ መታወቂያውን አስይዞ ሄደ። ሽማግሌው መታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ትኩር ብለው አዩት። እኔ አጋር ያገኘሁ መስሎኝ «ይኸው፣ እሱም ቅር ብሎታል» አልኳቸው።

«ልጄን የገደለው እሱ ነው» አሉኝ።